እታለም፣ ሰሌኑና የጅቡቲ መንገድ

እታለም እሺ አለች።

እንዲህ አጭር ወሬ እንዲህ ያስደስታል ብዬ አላውቅም ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ደምሴ የግቢው በር ላይ ጠበቀኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሺ ብላለች። ሐሙስ እንነሳለን፤ አንቺም አለሽበት» አለኝ። ቦርሳዬን የት እንደጣልኩት አላስታውስም። ከቀበና ወንዝ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን የሰፈራችንን ዳገት ወርጄ እንደገና ሮጬ ወጣሁት፤ ልቤ የሚደልቀው በደስታው ይሁን በዳገቱ መለየት አቃተኝ። አሁን ተመልሰናል። የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ ማንንም ሳላስፈቅድ መጻፍ ጀምሬያለሁና፣ ከሰፈራችሁ ለማትወጡ ሁሉ ጉዞውን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እታለም የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ጋሽ ደምሴ ባሏ ነው። እታለም ሾላ ገበያ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። የሰው በርበሬ ስታይ መጀመሪያ በጣቶቿ ታሸዋለች፣ ቀጥላ ታሸተዋለች፣ ምላሷ ላይ ታደርገዋለች፣ መጨረሻ ላይ «ጡብ አለበት» ትላለች። ሰውንም የምታየው እንደዚያው ነው። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በተሳቢ የጅቡቲን መስመር ሲመላለስ የኖረ ሾፌር ነው። እታለም ያንን መንገድ አንድም ቀን አይታው አታውቅም፤ ከራሷ አልጋ በቀር የትም አትተኛማ። ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ ሲመሽ ወደ ቤቷ ነው። «በሰው አንሶላ ውስጥ ማን ሲገላበጥ እንደነበር በምን አውቃለሁ?» ትላለች።

ጋሽ ደምሴ ይህን ሰበብ ሊያሳጣት ቆርጦ ተነሳ። አንድ አሮጌ ሚኒባስ ገዛና ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የጋዝ ምድጃ፣ ጣሪያው ላይም የውኃ በርሜል ገጠመ። መጋረጃ እንድትመርጥ ለመናት፤ አልመርጥም ስትለው የሳሎናችንን ዓይነት ፈልጎ ሰቀለ። ሰፈርተኛው ሳቀበት። ጎረቤታችን ባገኘው ቁጥር «ደምሴ፣ የቤት ኪራይ ከበደህ እንዴ?» ይለው ነበር። እሱ ግን ፍራሹን ሳይቀር ከራሷ አልጋ ላይ አንስቶ አስገባና፣ «ይኸው፣ ቤትሽ ጎማ አወጣ፤ አሁንስ ምን ትያለሽ?» አላት።

እሺ ያለችው ግን በፍራሹ ምክንያት አልነበረም። ይህን ያወቅሁት ረቡዕ ዕለት ለመንገድ ሽሮ ስንቋጥር ነው።

«ለሽርሽር የምሄድ እንዳይመስልሽ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ከበሩ ኋላ ያለውን ሰሌን ታውቂዋለሽ?»

እንዴት አላውቀውም። ከዘንባባ የተሠራ፣ ቀይና ጥቁር ጥለት ያለው፣ ያማረ ሰሌን ነው። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ተጠቅልሎ እዚያው ቆሟል፤ ተቀምጠንበት አናውቅም።

«አፋር ያለች ሴት ሰጠችኝ ብሎ ነው ያመጣው። ለአንቺ ነው ይለኛል። እስቲ አንቺው ንገሪኝ፣ ለማታውቀው ሰው እንዲህ አድርጎ ማን ይሠራል? ይህ እኮ ስንት ወር የተለፋበት ነው።» የሽሮውን ከረጢት አፍ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። «ሄጄ በዓይኔ አያታለሁ። የጠረጠርኩት ከሆነ ከዚያው ከመንገድ አውቶቡስ እይዛለሁ። ከዚያ በኋላ እሱ በሚኒባሱ፣ እኔ በቤቴ። አንቺ ዓይንሽን ክፈቺ፤ ልጅ ፊት ሰው አይጠነቀቅም።»

ደስታዬ ጠፋ አልልም፤ ግን ጭቃ ነካው። እታለም ያለ ጋሽ ደምሴ፣ ጋሽ ደምሴ ያለ እታለም፣ ቤታችን ምን እንደሚመስል ማሰብ አልፈለግሁም። ቢሆንም ዓይኔን ከፈትኩ።

ሐሙስ

ስንነሳ እንጦጦ ጉም ለብሷል። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበን በሲ.ኤም.ሲና በጎሮ አድርገን ወጣን፤ ፈጣኑን መንገድ ይዘን አዳማ ስንደርስ የላይኛውን ሹራብ አወለቅን፣ መተሐራ ላይ የታችኛውን። እታለም ሰሌኑን፣ ፖሊስ ኤግዚቢት እንደሚይዝ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ አልጋው ሥር አስገብታዋለች። ጋሽ ደምሴ ስታስገባው አየና ፈገግ አለ። የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ ይህ ነበር። ጥፋት ያለበት ሰው ለምን ይስቃል?

መተሐራ አካባቢ መንገዱ ግራና ቀኝ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። የሾላ ከሰል ተራ መጋዘኑ ሁሉ ተገልብጦ የፈሰሰ ይመስላል። አንድ ኬላ ላይ ፖሊስ አስቆመን።

«ምንድን ነው የጫናችሁት?»

«ቤት» አለ ጋሽ ደምሴ።

«የማን ቤት?»

«የእሷ።»

ፖሊሱ አንገቱን አስገብቶ መጋረጃውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ አልጋው ላይ ቁጭ ያለችውን እታለምን አየ። «እማማ፣ ተገደው ነው ወይስ በፈቃድዎ ነው?» አላት።

«እሱን ስመለስ እነግርሃለሁ» አለችው። ፖሊሱ ቀልድ መስሎት እየሳቀ አሳለፈን። እኔ ግን ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የገባነው ከሰዓት ነው። ሳሩ ቢጫ፣ ሰማዩ ሰፊ፤ በሰፈራችን ሰማይ የሚታየው በባሕር ዛፍ መሃል ተሰንጥቆ ነው። ሳላ የሚባለውን የዱር እንስሳ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ ቀለም የተቀባ ነው። እታለም ረጅም ጊዜ አየችውና፣ «ይህ ደግሞ ፊቱን ሸፍኖ ማንን ሊዘርፍ ነው?» አለች። የፓርኩ ጥበቃ መኪናችንን ዞሮ ሲያይ ቆየና ከሚስቱ ዘንድ አንድ ጀሪካን ውኃ ይዞልን መጣ። «መስኮት ዝጉ፤ ጦጣዎቹ ሌቦች ናቸው» አለን። እታለም ጥበቃውን እንጂ ጦጣዎቹን አልጠረጠረችም። በር ቆልፋ፣ በራሷ ፍራሽ ላይ ተኛች።

ዓርብ

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ከሚኒባሱ ውስጥ ማስነጠስ ሰማሁ። የሰው አይደለም። አንዲት ጦጣ በጓዳው መስኮት ገብታ የበርበሬውን ከረጢት ቀዳዋለች፤ አልጋው፣ መጋረጃው፣ ጦጣዋም ቀይ ሆነዋል። እያስነጠሰች፣ ዓይኗን እያሻሸች ወጥታ ዛፍ ላይ ሆና በቁጣ አየችን። ጋሽ ደምሴ ሳቁን ውጦ የእታለምን ፊት ይጠብቃል። እሷ ከወለሉ ላይ ትንሽ ቆንጥራ አሸተተችው።

«ጡብ ቢኖርበት እንዲህ አያስነጥስም ነበር» አለች።

እያስነጠስን ከአዋሽ ወደ ሰሜን ታጠፍን። ሜዳው ሰጎን ያሳየናል፣ ግመል ያሳየናል፣ ጥላ ግን አያሳየንም። ገዋኔ ልንደርስ ስንል ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫውን አስረን ቀስ ብለን ከተማዋ ገባን። በላይዋ አንድ ትልቅ ተራራ ቆሟል፤ ባሕር ዛፉን የተላጨ እንጦጦ በሉት። ጎሚስታው ወጣት አፋር ነው። ጎማውን እየፈታ፣ ቀና ሳይል፣ «ደምሴ ነህ አይደል? ሚስት ይዞ እየመጣ ነው አሉ» አለ።

እኔና እታለም ተያየን። እንደምንመጣ ለማንም አልነገርንም።

«ማን ነገረህ?» አለች እታለም።

«ዳጉ ነዋ። ትናንት ከአዋሽ የመጣ ሰው ነገረኝ። ቤት የሆነ መኪና፣ ደምሴ፣ አንዲት ሴት፣ አንዲት ልጅ።»

ጋሽ ደምሴ አስረዳን። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ብቻ ተለዋውጠው አይተላለፉም፤ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን አንድ በአንድ ይነጋገራሉ። ማን አለፈ፣ የት ዘነበ፣ የማን ግመል ጠፋች። አንዱ ለሌላው፣ ሌላውም ለሚቀጥለው ይነግራል። ከራሱ የጨመረ ወይም የዋሸ ሰው ከዚያ ወዲያ ሰሚ የለውም። ኔትወርክ በማይሠራበት ሁሉ ዳጉ ይሠራል።

«እንግዲያው የአንተንም ወሬ ሁሉ ያውቃሉ ማለት ነው» አለች እታለም።

«ሁሉንም» አለ ጋሽ ደምሴ። ድምፁ ምንም አልተናወጠም።

ጎሚስታው አሁን ቀና አለ። እታለምን ከእግር እስከ ራሷ አያት። «እውነት ሚስቱ ነሽ?» አላት፤ ሳቀም።

እታለም ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ እስከ ማታ አልጠፋም። ሌላ ሚስት ካላወቀ እንዲህ ብሎ ለምን ይጠይቃል? እኔም ከዚያ በኋላ ጋሽ ደምሴ ሰላም ያለውን ሰው ሁሉ ቆጠርኩ፤ ሁሉም መጀመሪያ እሱን አቅፈው ቀጥለው እታለምን ያያሉ፣ ከዚያ እርስ በርስ በአፋርኛ ይነጋገራሉ። በረሃ ውስጥ እንደዚህ ዓይነት መተያየት የሚያመጣ ወሬ ምን ሊሆን እንደሚችል ስገምት የሽሮው ጣዕም ጠፋኝ።

ያደርነው ነዳጅ ማደያ ግቢ ውስጥ ነው። የማደያው ጠባቂ ሚስት የገመድ አልጋ አውጥታ ከግንቡ ጥላ አቆመችልንና፣ «ውጪ ተኙ፣ ይህ ብረት ይቀቅላችኋል» አለችን። እታለም አመሰገነቻትና አልጋውን ሳትነካ ወደ ሚኒባሱ ገባች። ሴትዮዋ እውነቷን ነበር። ቤታችን እንደ ዳቦ ምድጃ ጋለ። እታለም ሌባ ፈርታ መስኮት አላስከፍትም አለች። ሲነጋ ሦስታችንም ከወንዝ የወጣን መስለን ነበር።

ቅዳሜ

ያንጉዲ ራሳ የሚባለውን ብሔራዊ ፓርክ መንገዱ መሃል ለመሃል ያቋርጠዋል። ጋሽ ደምሴ ድንገት ፍሬን ያዘና፣ «እዩ፣ እዩ፣ የዱር አህያ» አለ። ከሩቅ፣ ግራጫ ናቸው፤ እግራቸው ላይ ባለ መስመር ካልሲ ያደረጉ ይመስላሉ። በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው፣ ሾፌር ሁሉ አያያቸውም፣ ዕድለኞች ናችሁ እያለ ያወራል።

«አህያ ለማየት ነው ይህን ሁሉ የመጣሁት?» አለች እታለም። «ሾላ ሞልቶ የለም?»

ጋሽ ደምሴ ማርሽ አስገባ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ሾላ የሌለ ነገር እፊታችን አለ» አላት። ሁለታችንም ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅነውም። እታለም እጇን ወደ አልጋው ሥር ሰዳ ሰሌኑ መኖሩን አረጋገጠች።

ሚሌ ከመድረሳችን በፊት ከአስፋልቱ ወረድን። ከግራር ዛፎች አጠገብ፣ እንደ ተደፋ ቅርጫት ክብ የሆኑ የሰሌን ቤቶች አሉ። አንዲት ረጅም ሴት መንገድ ዳር ቆማ ነበር፤ አላፊ ሰው ፈልጋ እንዳልቆመች ከአቋቋሟ ያስታውቃል። እኛን ነበር የምትጠብቀው።

«ደምሴ፣ ዘገየህ» አለች።

ሐዋ ትባላለች። ከእታለም በዕድሜ ትበልጣለች። ድሮ እዚያው መንገድ ዳር ለሾፌሮች ሻይ ትሸጥ ስለነበር አማርኛ ታውቃለች። ባሏ ዓሊ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ መጣና ከጋሽ ደምሴ ጋር እጅ ለእጅ ተሳሳሙ። ባል እንዳላት ሳይ ትንሽ ተነፈስኩ፤ እታለም ግን ያቺን ጡብ የምትፈልግበትን ፊቷን ይዛ ነው የወረደችው።

«እኔ ሚስቱ ነኝ» አለች፣ ሰላምታ ሳይቀድም።

ሐዋ ዞራ ዞራ አየቻት። «እህቱ ብትሆኚስ?» አለች።

«ምን?»

«ደምሴ አፍሮ፣ እህቱን ይዞ መጥቶ ሚስቴ ናት ቢለን በምን እናውቃለን?»

እታለምን ሰው ሲጠረጥራት አይቼ አላውቅም። እሷም አይታ አታውቅም መሰለኝ። «እኔን?» አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «እኔን ነው የምትጠረጥሪው?»

«ደምሴ ውሸታም ነው» አለች ሐዋ፣ እሱ እዚያው ቆሞ እየሰማ። «መኪናው ተሰብሮ፣ ትኩሳት ይዞት ከጎማው ሥር አገኘነው። እዚህ አስገባነው። ሲቃዥም ሚስቴ ይላል፣ ሲድንም ሚስቴ ይላል። ሚስቴ ሰው ቤት አትተኛም፣ ሚስቴ በርበሬ በአፍንጫዋ ታውቃለች። እኔ ለዚህች ሴት ሰሌን ሠራሁ፤ ሌላ ቦታ ካልተቀመጠች በዚህ ትቀመጥ አልኩ። ሰሌን የተሰጠው ሰው ቃል ይልካል። ደረሰኝ ይላል፣ ተቀመጥኩበት ይላል። ደምሴ መጣ፣ ቃል የለም። ደግሞ መጣ፣ ቃል የለም። ሰው ሚስቲቱ ምን አለች ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ዳጉ ላይ አይዋሽም። ምንም አላለችም አልኩ። ከዚህ እስከ ጅቡቲ ሚስት የሌለው ደምሴ ነው የሚሉት።»

ጋሽ ደምሴ በጫማው ጫፍ አሸዋ ይገፋ ነበር። የጎሚስታው ሳቅ፣ የሰዎቹ መተያየት፣ መጋረጃው፣ ፍራሹ፣ ሁሉም ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ሰፈር ሆነን በረሃ ላይ ሌላ ሚስት አለችው ስንል፣ በረሃው ደግሞ አንዲት እንኳ የለችውም እያለ ነው የኖረው።

እታለም ወደ ሚኒባሱ ተመለሰች። አውቶቡስ ልትጠብቅ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሰሌኑን ይዛ ወጣች።

ሐዋ ተቀብላ መሬት ላይ ዘረጋችው። ጠርዙን በጣቶቿ አሸችው፣ ዝቅ ብላ አሸተተችው። ልክ እታለም በርበሬ እንደምታየው። «አልተቀመጥሽበትም» አለች።

«አልተቀመጥኩበትም።»

«ለምን?»

አንድ ነገር ብላ ማለፍ ትችል ነበር። እንግዳ አይቀመጥበት ብዬ፣ ሳሳሁለት ብዬ፣ ብዙ መንገድ ነበራት። ጋሽ ደምሴን አየችው። «ሌላ ሚስት አግብቶ፣ እሷ የሠራችለት መስሎኝ ነው» አለች።

ሐዋ ወደ ዓሊ ዞረች። በአፋርኛም ነገረችው። ዓሊ በትሩ ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። ከቤቶቹ የወጡ ሴቶች ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ሐዋ እንደገና ነገረቻቸው፣ ሳቁ እንደገና ተነሣ። እታለም መጀመሪያ ፊቷን የት እንደምታደርገው ጠፋት፤ በኋላ ግን ነጠላዋ እስኪወድቅ ሳቀች።

«በይ እንግዲህ» አለ ጋሽ ደምሴ። «ይህ ወሬ ጅቡቲ ይገባል።»

«ይግባ» አለች። «እውነት ነው፤ ይግባ።» ሄዳም ሰሌኑ መሃል ላይ ተቀመጠች።

ወተት መጣ። እታለም ወደ እኔ ዞር አለች፤ የግመል ወተት እኛ አንጠጣም፣ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ሐዋ ቀደመቻት። «የፍየል ነው። ግመል እንደማትጠጡ ደምሴ ድሮ ነግሮኛል። ዕቃውንም ግመል ነክቶት አያውቅም፤ ለአንቺ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው።» እታለም አሸተተችው። ጠጣችው። ጨመረችም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሐዋ ሚኒባሱን ልታይ ገባች። አልጋውን ደበደበች፣ ጣሪያውን ነካች፣ እጇን ቶሎ አነሣች። «ይህን ቤት ማን ሠራው?»

«ባሌ።»

«ለዚህ ነዋ» አለች ሐዋ። «እኛ ዘንድ ቤት የሴት ነው፤ እኔ እሠራዋለሁ፣ ስንሄድ አፍርሼ ግመል ላይ እጭነዋለሁ። ይህ አይተነፍስም።»

ጋሽ ደምሴም ጣሪያውን ነካ፣ እጁንም ቶሎ አነሣ። የዚያን ዕለት ሚኒባሱ ውስጥ የተኛ ሰው አልነበረም። እሱ ከዓሊ ጋር ውጪ ቀረ። እታለም ሰሌኗን ተሸክማ ሐዋ ቤት ገባችና ዘረጋችው፤ ነፋሱ በሰሌኖቹ መሃል ያልፋል፣ ደስ ይላል። ትክ ብዬ ሳያት፣ «ምን ታይኛለሽ? የራሴ ሰሌን ነው» አለችኝ።

እሑድ

ስንመለስ ገዋኔ ላይ ጎሚስታው ከሩቅ እጁን አነሣ። ቆምን።

«ተቀመጠችበት አሉ» አለ ለጋሽ ደምሴ። ለእታለምም ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት።

«ተኛሁበትም በልልኝ» አለችው። «ሲነግሩ ሳያጎድሉ ነው።»

ኬላው ላይ ያ ፖሊስ አልነበረም፤ ቢኖር መልሱን ትነግረው ነበር። አዲስ አበባ ስንገባ ዝናብ ነበር፣ ሹራቦቹንም አንድ በአንድ መልሰን ለበስን። ሰሌኑ አሁን ሳሎናችን ወለል ላይ ነው፤ የሾላ ደንበኞቿ ሲመጡ እዚያ ታስቀምጣቸዋለች። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ሐዋ ያለችውን አልረሳም፤ የሚኒባሱን ጎን ቆርጦ ትልቅ መስኮት እያስገባለት ነው። የት እንደሚሆን የምትነግረው እታለም ናት።

ከሐዋ ስንለያይ እጄን ይዛ፣ «ትጽፊያለሽ አሉኝ» አለችኝ። ማን እንደነገራት አልጠየቅሁም። «እንግዲያው ለሀገርሽ ሰው ንገሪ። በዚህ የሚያልፍ ሰው አይለፈኝ። ወተት አለ፣ ጥላ አለ።» ይኸው ነገርኳችሁ። ስልክ የላትም፣ አያስፈልጋችሁምም። ከአዋሽ ወዲያ መጀመሪያ ለምታገኙት አፋር ማን እንደሆናችሁና ወዴት እንደምትሄዱ እውነቱን ንገሩት፤ እናንተ ሳትደርሱ እሷ መንገድ ዳር ወጥታ ትጠብቃችኋለች። ሚስት አለኝ የምትሉ ግን ይዛችሁ ሂዱ።